ለጋሽ ይመር ያልነገርኳቸው ባቡር

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ከመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው። የሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ «ሰማህ ወይ? ሾፌር ይመር አረፉ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «በሰዓቱ ድረስ፤ እሳቸው እንደሁ ሰው የሚጠብቁ አይደሉም» ብሎ ሄደ። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። አልነበረም። መጀመሪያ የተሰማኝ «እንግዲህ ሳይጠይቁኝ ሞቱ» የሚል እፎይታ ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ከዚህ ካልጀመርኩ ከየትም አልጀምርም።

ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜ ወሬ እሰማ ነበር። የሚወራው ስለ ሰዓታቸው ብቻ ነው። ጋሽ ይመር ከመካነ ሰላም ደሴ የሚመላለስ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። በእኛ አገር መኪና የሚነሳው ሲሞላ ነው። «የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» እየተባለ ያ አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ይፈለጋል፤ እሱ ሲገኝ ደግሞ ቀድሞ ከተሳፈሩት አንዱ ርቦት ወርዷል። የጋሽ ይመር መኪና ግን ሞላም ጎደለም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። አንድ ጊዜ የአውቶቡሱ ባለቤት ራሳቸው አብረው ይጓዙ ነበር አሉ። አቀስታ ላይ ለቁርስ ሃያ ደቂቃ ተባለ። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ባለቤቱ ገና ጥብሳቸውን ይጠብቃሉ። ጋሽ ይመር ጥሩምባ ሁለቴ ነፍተው ነዱት። ባለቤቱ በጭነት መኪና ተከትለው ደሴ ሲደርሱ ጋሽ ይመር ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «ሰዓት አማና ነው፤ የሁሉም ሰው አደራ ነው። ለርስዎ ብየ የአርባ ሰው አማና አልበላም።» በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረሩ። ሌላ መኪና ለማግኘት ግን ብዙ አልቸገራቸውም፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር።

ከመኪናቸው የማትጠፋ አንዲት ወፍራም ደብተር ነበረቻቸው። ሦስት ዓምድ አስምረውባታል፦ መነሻ፣ መድረሻ፣ ምክንያት። ሦስተኛው የሚሞላው መኪናው በዘገየ ቀን ነው። ከተዋወቅን በኋላ አምጥተው አሳይተውኛል። ጎማ የፈነዳ ዕለት፣ ምክንያት፦ ሾፌር። ናፍጣ የጠፋ ዕለት፣ ምክንያት፦ ሾፌር። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ሰዉ መኪና ውስጥ ያደረ ዕለት እንኳ፣ ምክንያት፦ ሾፌር።

«ጋሽ ይመር፣ ጎርፉንም እርስዎ ነዎት ያመጡት?» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«ዳመናውን ከጧት አይቸዋለሁ። አይቸው ነው የተነሳሁ» አሉኝ። «ደሞ ልጀ፣ መንገደኛ ጎርፍ አይቀየምም። መንገዱን ሙሉ የሚያየው የሾፌሩን ማጅራት ነው።»

እኔ መናኸሪያው ፊት ለፊት ትንሽ ኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ፎርም እሞላለሁ፣ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ጋሽ ይመር መጀመሪያ የመጡት የዓይን ሐኪም የሰጣቸውን ወረቀት ዓረብ አገር ለምትሠራው ልጃቸው ለሉባባ እንድልክላቸው ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ሥራ ቀዝቅዞብኝ ኮምፒውተር ላይ የባቡር መንዳት ጌም እየተጫወትኩ ነበር። ወረቀታቸውን ረስተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይኸ ምን አይነት መኪና ነው? መሪ የለውም እንዴ?»

«ባቡር ነው፣ ጋሽ ይመር። ሐዲዱ ስለሚወስደው መሪ አያስፈልገውም።»

«ታዲያ ሾፌሩ ምን ይሠራል?»

«ፍጥነት ይቆጣጠራል፣ መብራት ያያል፣ በሰዓቱ ይደርሳል።»

የወንበሬን መደገፊያ ያዙ። ከዚያ፣ «እስቲ ተነስልኝ» አሉኝ።

ሐኪሙ ያገኘባቸው የዓይን ግፊት ነው። በዚያ ምክንያት መንዳት አቁመዋል። ግራና ቀኙ ጨልሞባቸው፣ የሚታያቸው መሐሉ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን አላማረሩም። «መኪና ግራ ቀኝ ማየት ይፈልጋል፤ በግ ይገባል፣ ሰካራም ይገባል። ባቡር መሐሉን ካየህ ይበቃዋል። የተረፈችኝን ዓይን ለክቶ የተሠራ ሥራ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉ ነበር። እንዲህ ሆኖ፣ ባቡር በአካል አይተው የማያውቁ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ባቡር ነጂ ሆኑ። በየቀኑ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ፣ አንድ ሰዓት ነድተው ይሄዳሉ። የጭነት ባቡርም ነዱ፣ በረዶ የለበሰ ተራራም አቋረጡ። ልባቸውን የወሰደው ግን ገና ያልወጣ መስመር ነበር።

ጌሙን የሚሠሩት ሰዎች አዲስ የጃፓን መስመር «በቅርቡ» እናወጣለን ብለው አጭር ቪዲዮ ለቀው ነበር። አገር አቋራጭ አይደለም፤ ሠራተኛውን ጧት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚያመላልስ የከተማ ባቡር ነው። በየሁለት በየሦስት ደቂቃው ጣቢያ አለው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ የሚደረስበት ሰከንድ ተወስኗል። ቪዲዮው ላይ ነጂው ነጭ ጓንት አድርጎ መብራት ባየ ቁጥር በጣቱ እያመለከተ ጮክ ብሎ ይናገራል። ጋሽ ይመር ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ከማን ጋር ነው የሚያወራ?»

«ከራሱ ጋር። ሕጋቸው ነው። ያየውን በጣቱ አመልክቶ በአፉ ካልተናገረ አያልፍም።»

«እውነታቸውን እኮ ነው!» አሉ። «ዓይን ብቻዋን ትዋሻለች። ጣትና አፍ ሲመሰክሩባት ግን ታፍራለች።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔ ሱቅ ሰላም አጣች። የሠርግ ቪዲዮ ስቀርጽ ሚዜዎች ረስተውት የሄዱት ነጭ ጓንት ነበር፤ ሰጠኋቸው። ጓንቱን አጥልቀው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ «መብራት አረንጓዴ! መርሐባ!» ይላሉ፤ መርሐባ በእኛ አገር እሺ ማለት ነው። «በር ተዘግቷል! መርሐባ! ሰዓት ደርሷል! ቢስሚላህ!» ፎርም ሊያስሞላ የመጣው ሁሉ ሥራውን ትቶ እሳቸውን ያያል። ኋላማ መንገድ ሲሻገሩም ያደርጉት ጀመር። «ባጃጅ ከግራ! ቁም! በቅሎ! ትለፍ! መንገድ ባዶ! መርሐባ!» ሰው ሲስቅባቸው አብረው ይስቃሉ እንጂ ጣታቸውን አያጥፉም።

የጃፓኑን መስመር እንደ ልጅ ልደት ጠበቁት። ቪዲዮውን ሃምሳ ጊዜ አስከፍተውኛል። የጣቢያዎቹን ስም እኔ እያነበብኩላቸው በዚያችው ወፍራም ደብተራቸው ጻፉ፤ ከየስሙ ፊት ደቂቃና ሰከንዱን። «ካዋ» ማለት ወንዝ፣ «ያማ» ማለት ተራራ መሆኑን ስነግራቸው፣ «እነሱም እንደኛ በወንዝና በተራራ ነዋ አገር የሚጠሩ!» ብለው ተደነቁ። የጣቢያዎቹን ዝርዝር በቃላቸው ይወጡት ነበር። መውጫው ቀን አንዴ ተገፋ፣ ሁለተኛም ተገፋ። «ጃፓንም ይዘገያል እንዴ?» አሉ በጣም ተገርመው። ሠሪዎቹ ጃፓኖች እንዳልሆኑ ስነግራቸው ተጽናኑ።

ሉባባ መስመሩን ገና ሳይወጣ ገዝታ ሰጠቻቸው። የገዛችበት አካውንት የራሷ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ልካልኝ እኔ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ያኔ ነው ጋሽ ይመር ጓንታቸውን እያወለቁ ቀስ ብለው የነገሩኝ። «ጌታቸው፣ ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ይጠባል ብሎኛል። መሐሉም መጥበብ ጀምሯል። ይችን የጃፓኗን አንድ ጊዜ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በሰዓቷ ብነዳት ሌላ አልጠይቅም።»

«አብሽሩ፣ ጋሽ ይመር» አልኳቸው። «በወጣ በዚያው ቀን ማውረድ እጀምራለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ይነዷታል። ቃሌ ነው።»

«እንግዲህ አማና ነው» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርግ እንደ ጉድ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንድ ጧት ኮምፒውተሬን ስከፍት መስመሩ ወጥቷል። እስክሪኑ ላይ ተጽፎ አየሁት። ችግሩ፣ ጌሙን የሚችለው ኮምፒውተር የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ያው አንዱ ነው። ዲስኩ በሠርግ ቪዲዮ ጢም ብሏል። መስመሩን ለማውረድ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ማቆም፣ የተቀረጸውንም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነበረብኝ። ያን ሰሞን ቪዲዮውን የማቀናብርለት ሙሽራ ቤተሰብ ደግሞ በከተማው የታወቀ ነው፤ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ሆነው «ቪዲዮው የት ደረሰ?» እያሉ በቀን ሦስቴ ይደውላሉ። ይህን ሥራ ካሳመርኩ የከተማው ሠርግ ሁሉ የኔ ነው ብዬ አስቤያለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ይመር መጡ። አዲስ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ የሾፌርነት ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ጓንታቸውን ከመንገድ አጥልቀው ነው የመጡት። መንገዱን ብቻቸውን እያመለከቱ ሲሻገሩ በመስኮት አይቻቸዋለሁ።

«ደረሰ?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ ጋሽ ይመር» አልኳቸው።

እንዲህ ቀላል ነበር። «ደርሷል፣ ግን ሥራ ይዣለሁ፤ ሳምንት ይታገሱኝ» ብል ይታገሱኝ እንደነበር አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ቃሌን ለሠርግ ቪዲዮ መሸጤን በአፌ መናገር አሳፈረኝ። ከሚያሳፍረው እውነት የማያሳፍረውን ውሸት መረጥኩ፤ ይኸው ዛሬ ያሳፍረኛል። ጥቂት ቆመው አዩኝ። «መልካም» አሉ። ጓንታቸውን አውልቀው በኪሳቸው ከተቱና ተመለሱ።

በማግስቱም በሦስት ሰዓት መጡ። «ደረሰ?» «ገና ነው።» በሦስተኛው ቀን ሠሪዎቹ እንደገና ገፉት አልኳቸው። በሳምንቱ ኔትወርክ የለም አልኳቸው። አንድ ቀን ደግሞ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና፣ «ጌታቸው፣ ሥራ በዝቶብህ እንደሁ ንገረኝ፤ እኔ መጠበቅ አያቅተኝም» አሉኝ።

«ኧረ የኔ ሥራ አይደለም! ሠሪዎቹ ናቸው ያዘገዩት።»

«ምስኪኖች» አሉ ጋሽ ይመር።

የመጀመሪያው ሠርግ ሲያልቅ ሁለተኛ መጣ። እምቢ አላልኩም። ለራሴ «ይችን ብቻ» እላለሁ፤ ውሸቱ ደግሞ ባደረ ቁጥር ለመናገር ይከብዳል። አሁን እንዴት ብዬ «ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው» ልበላቸው? ይባስ ብሎ ሦስት ሰዓት በደረሰ ቁጥር እሳቸው ላይ እናደድ ጀመር። «እኚህ ሽማግሌ ሥራ የላቸውም እንዴ?» እላለሁ በሆዴ። አንድ ጧት ሲመጡ ሳይ በጓሮ በር ወጥቼ ጎረቤት ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠፋሁባቸው። ስመለስ የሱቁ በር ላይ በጥንቃቄ ተለጥፋ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። «በ3፡00 መጥቻለሁ። በ3፡10 ሄጃለሁ። ይመር» ትላለች። ቀዳድጄ ጣልኳት።

ሁለተኛው ሠርግ ሲያልቅ መስመሩን ማውረድ ጀመርኩ፤ በሠላሳ አራተኛው ቀን ማታ ወርዶ አለቀ። በማግስቱ እንደ ትልቅ ውለታ ስልክ ደውዬ፣ «ጋሽ ይመር፣ ደረሰ!» አልኳቸው። ሲመጡ በመስኮት አየኋቸው። ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ነበር የሚመጡት። ደረጃዬ ላይ አደናቀፋቸው፤ ሮጬ ደገፍኳቸው።

ተቀመጡ። ጓንታቸውን አጠለቁ። ባቡሩ ጣቢያ ውስጥ ቆሟል፤ ከፊታችን የዝናብ ቀን የጃፓን ከተማ ተዘርግቷል። ፊታቸውን ወደ እስክሪኑ አስጠጉ፣ ራቅ አደረጉ፣ እንደገና አስጠጉ።

«መብራቱ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አረንጓዴ ነው።»

«መብራት አረንጓዴ! መርሐባ!» ብለው በጣታቸው አመለከቱ። ጣታቸው ያመለከተው ከእስክሪኑ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነበር፤ የፎቶ ኮፒ ዋጋ የለጠፍኩበትን። አላረምኳቸውም። ፍጥነቱን እኔ አነበብኩላቸው፣ ርቀቱንም እኔ፤ እሳቸው በቃላቸው የያዙትን የጣቢያ ስም እየጠሩ፣ በጆሯቸው እያዳመጡ፣ ፍሬኑን ያዙ። ሁለት ጣቢያ ሄድን። ሁለተኛው ላይ ምልክቱን አልፈን ቆምን።

«ስንት ሰከንድ ዘገየሁ?»

አሥራ ሰባት ሰከንድ ዘግይተዋል። «በሰዓቱ ነው የደረሱት፣ ጋሽ ይመር» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ጓንቱን ጣት በጣት አውልቀው፣ አጥፈው፣ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡት። «አላህ ይስጥልኝ፣ ልጀ። በቃኝ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ላሻግራቸው ብነሳ፣ «ሥራ አትፍታ» ብለው ግድግዳውን እየዳሰሱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ የመጣ ሰው የለም። ቤታቸው ከሱቄ አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ክረምቱን ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ አንድ ቀንም አልጠየቅኳቸውም። መስከረም ላይ ሞቱ።

አንድ የጤና መኮንን ደንበኛዬን ነገሩን በሌላ ሰው አስመስዬ ጠይቄው ነበር። «ሕመሙ እንደዚያ ከገፋ ወር ምንም አይለውጥም፤ መጥፋቱ አይቀርም ነበር» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን የመጀመሪያው ቀን ብቻቸውን መንገድ ተሻግረው ነው የመጡት። ያን ቀን ብነግራቸው በሦስተኛው ቀን መብራቱን በዓይናቸው ያዩት ነበር። ይህን የሚለውጥልኝ ሐኪም የለም።

ሉባባ አሠሪዎቿ ፈቃድ የሰጧት ከቀብሩ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። የአባቷን ሰደቃ አብልታ በማግስቱ ሱቄ መጣች። ያችን የጋሽ ይመርን ወፍራም ደብተር ይዛለች።

«የጣቢያዎቹ ስም ስላለበት ላንተ ትሁን ብየ ነው» አለችኝ። «አባየ ከሰው ሁሉ ያንተን ስም ነበር የሚያነሳ። መስመሩ የወጣ ቀን በስልኬ መልእክት መጣልኝና ወዲያው ደወልኩለት። ‹አባየ ወጥቷል፤ በል ጌታቸው ጋ ሂድ!› አልኩት። ደስታው እንዴት እንደነበር ብነግርህ! ስልኩን ሳይዘጋ ሸሚዝ እየፈለገ ነበር።»

ያን ጧት ሱቄ በር ላይ ሲቆሙ ያውቁ ነበር። በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ «ምስኪኖች» ያሉኝም ቀን። ሠላሳ አራት ቀን ሙሉ «ደረሰ?» ያሉኝ ወሬ ፈልገው አይደለም። እውነቱን እንድናገር በየቀኑ አንድ ዕድል ሊሰጡኝ ነበር የሚመጡት፤ እኔም በየቀኑ መለስኩት።

ደብተሯን ገለጥኩ። ከጣቢያዎቹ ስም ቀጥሎ አዲስ ገጽ ላይ ሦስቱ ዓምዶች ተሰምረዋል። መነሻ፣ 3፡00። መድረሻ፣ ባዶ። ምክንያት፦ ሾፌር። ከሥሩ የማግስቱ። ምክንያት፦ ሾፌር። ሠላሳ አራት መስመር ነው፤ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ፊደሉ እየተለቀ፣ ከመስመሩ እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ነው። የሁሉም ምክንያት ሾፌር ነው። የኔ ስም የትም የለም።

ሉባባ ከትከሻዬ በላይ ታይ ነበር። «ይኸ ደሞ ምንድን ነው? ‹ነዳኸው ወይ?› እያልኩ ስጠይቀው ሁልጊዜ ‹መንገድ ላይ ነው› ነበር የሚለኝ» አለች። ከዚያ እኔን ከጭንቀቴ ልታወጣኝ ይመስል፣ «ያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶባችሁ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ጠፍቶ ነበር።»

አመስግናኝ፣ ዓይኗን ጠርጋ ሄደች። በሳምንቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደብተሯ ከጓንቱ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ሦስት ሰዓት በሆነ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ።

ሉባባ፣ ያን ሰሞን ኔትወርክ አልጠፋም ነበር።